ሁለት እናቶች፣ አንድ እርግዝና፦ እንቁላሉ ከአንዷ፣ ማህጸኑ ከሌላዋ

እንዴት ናችሁ ውድ ተመልካቾቼ! ዛሬ የምናወራው ልጅ ስለሚፈልጉ ሌዝቢያን ጥንዶች ነው። አንድ ነገር ቀድማችሁ ያዙልኝ፦ አብዛኞቹ መካን አይደሉም። እንቁላል አለ፤ ማህጸን አለ፤ እንዲያውም ማህጸኑስ ሁለት ነው! የሌለው የወንድ ዘር ነው።

ዘሩ ከለጋሽ ይመጣል። ለጋሹ ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ፣ በዘር የሚተላለፉ በሽታዎች ይመረመራል፤ ዘሩ በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ አይ ዩ አይ፦ ዘሩ ይታጠባል፣ እንቁላል በሚለቀቅበት ሰዓት በቀጭን ቱቦ ማህጸን ውስጥ ይገባል፣ አለቀ። አይ ቪ ኤፍን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የመጀመሪያዋ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው የተወለደችው። እንቁላልና ዘር ቤተ ሙከራ ውስጥ ይገናኛሉ፣ ሽሉ ማህጸን ውስጥ ይገባል። እንለፈው።

እኔ የምወደው ቀጥሎ ያለውን ነው። እንቁላሉ ከአንዷ ይወሰዳል፤ የምታረግዘው ግን ሌላዋ ናት! የዱላ ቅብብል ታያላችሁ አይደል? አራት በመቶ ሜትር። ተቀባይዋ ቆማ አትጠብቅም። ዱላው ሳይደርስ መሮጥ ትጀምራለች፤ ርክክቡ 30 ሜትር ውስጥ ማለቅ አለበት። ቀድማ ከፈተለከች ዱላው አይደርስባትም፤ ከዘገየች ይጋጫሉ። እዚህም እንደዚሁ ነው። የአንዷ እንቁላል ገና እየተዘጋጀ፣ የሌላዋ ማህጸን መሮጥ ጀምሯል፦ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ግድግዳውን ያወፍራል፣ ከዚያ ሽሉን ለመቀበል የሚያዘጋጀው ሆርሞን፣ ፕሮጀስትሮን፣ ይጨመራል። የሚገባው ሽል የአምስት ቀን ከሆነ፣ ፕሮጀስትሮኑም አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቀን ያህል ቀድሞ ይጀመራል። 30 ሜትሯ ይቺ ናት! ማህጸን ሽል የሚቀበልባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ሩጫው ካልገጠመስ? ሽሉን አቀዝቅዞ ማቆየት ይቻላል፤ ተቀባይዋ በራሷ ጊዜ ትነሳለች። ቅብብሉን የወደደ ሰብስክራይብ ያድርግ!

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ፦ «ታዲያ ልጁ ከሁለቱም እናቶች ዲኤንኤ ይወስዳል?» አይወስድም። ዲኤንኤው ከእንቁላሏ ባለቤትና ከለጋሹ ነው። «እንግዲያው ያረገዘችው ማስቀመጫ ብቻ ናት» ትሉኛላችሁ ደግሞ። በፍጹም! ይሄንን ዝም ብዬ አላልፍም። ኦክስጅኑ የእሷ፣ ምግቡ የእሷ፣ ሆርሞኑ የእሷ ነው። የልጁ ጂኖች እንዴት እንደሚሠሩ ላይ እንኳን እርግዝናው አሻራውን ያሳርፋል። ደግሞ ስሙኝ፦ የልጁ ሴሎች በእንግዴ ልጅ አልፈው እሷ ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። ዲኤንኤ አልሰጠችም፤ ከልጇ ግን ተቀብላለች!

እንቁላል ማን ትስጥ? ዕድሜ ትልቁን ድርሻ ይይዛል፤ የሚቆጠረውም የእንቁላሏ ባለቤት ዕድሜ ነው። የ41 ዓመቷ የ30 ዓመቷን እንቁላል ብታረግዝ፣ የመሳካት ዕድሉ ወደ 30ዋ ይጠጋል።

ከጓደኛ ዘር ወስዳችሁ ቤት ውስጥ ልትሞክሩ ያሰባችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ጠበቃ አማክሩ። በአንዳንድ አገሮች ከክሊኒክ ውጪ የለገሰ ሰው በሕግ አባት ሊባል ይችላል፤ ያላረገዘችው እናት ደግሞ የገዛ ልጇን በጉዲፈቻ ውሰጂ ልትባል ትችላለች። ወረቀቱን ከእርግዝናው በፊት ጨርሱ።