ተከራይ አይቅዳ

ሰላም፣ እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ ጉምጉም የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ የሚገቡ ሲኖትራኮች ናቸው። ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ሰው ፖድካስት ሲቀዳ ሲኖትራክም አብሮት ይቀዳል። መስኮቱን ዘግቼ ብርድ ልብስ ሰቅዬበታለሁ፤ ያው ነው።

ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለኝም። የማወራው ስለ አውሮፓ ምርጫ ነው፤ ስደተኛ የሚቃወሙት ቀኝ አክራሪ ፓርቲዎች ለምን እንደበረቱ። ግን በውሃ ወረፋ በኩል ዞሬ ነው የምደርስበት፤ ታገሱኝ።

ነገሩን የጀመረው የአክስቴ ልጅ ነው። ጀርመን ነው ያለው፣ ምሥራቁ በኩል፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራል። በ2025 የካቲት ላይ እዚያ አገር ምርጫ ነበር። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ እንዳንደናገር። በማግሥቱ ጠዋት ቴሌግራም ላይ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። አራት ደቂቃ ይሆናል። አብዛኛው ስለ ሥራው ነው፣ ስለ ብርዱ ነው። መጨረሻ ላይ ዝም አለና፣ «እኔ የማጥባቸው፣ የማበላቸው ሰዎች ናቸው እኮ። ምን አድርገናቸው ነው?» አለኝ።

ምን ብዬ ልመልስለት? «አይዞህ» ብዬ ላክሁ። አይዞህ መልስ ሲጠፋን የምንልካት ነገር ነች።

በዚያ ምርጫ «አማራጭ ለጀርመን» የተባለው፣ ስደተኛ የሚቃወመው ቀኝ አክራሪ ፓርቲ 20.8 በመቶ አግኝቶ ሁለተኛ ወጣ። ይሄ ፓርቲ በ2013 ሲመሠረት ዋና ጉዳዩ ስደተኛ አልነበረም። የዩሮን ገንዘብ የሚቃወሙ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰሮች ነበሩ ከፊት የነበሩት። ያን ዓመት 4.7 በመቶ አገኘና ለምክር ቤት የሚያስፈልገውን 5 በመቶ ለጥቂት ሳተው። አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላ እዚህ ደረሰ። ቱሪንጊያ በተባለው የምሥራቅ ክፍለ ግዛት ደግሞ በ2024 32.8 በመቶ አግኝቶ አንደኛ ሆኗል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በጀርመን ክፍለ ግዛት ምርጫ ቀኝ አክራሪ አንደኛ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

ጀርመን ብቻም አይደለችም። ኦስትሪያ ውስጥ ቀኝ አክራሪዎች በ2024 አንደኛ ወጡ። ኔዘርላንድ በ2023 አንደኛ ወጡ። ፖርቱጋልን ሰው ሁሉ «እነሱ አምባገነን ያዩ ናቸው፣ አይሞክሯትም» ይል ነበር። በ2019 የተመሠረተ አንድ ቀኝ አክራሪ ፓርቲ በዚያው ዓመት 1 ወንበር ያዘ፤ በ2025 ደግሞ 60።

ብዙ ሰው መልሱን በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፦ ስደተኛ በዛባቸው። ውሸት ነው አልልም። በ2015 ጀርመን 900 ሺህ የሚጠጋ ጥገኝነት ጠያቂ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ፓርቲ 12.6 በመቶ ይዞ ምክር ቤት ገባ። ግን አንድ የማይገጥም ነገር አለ። ፓርቲው የሚበረታው የውጭ ዜጋ በጥቂቱ በሚገኝበት በምሥራቁ ነው። ሐበሻውም ቱርኩም በሞላበት በፍራንክፈርት፣ በሙኒክ ድምፁ ከአገር አቀፉ በጣም ያንሳል። ስደተኛው ብቻ ቢሆን ኖሮ ተገላቢጦሽ ነበር መሆን የነበረበት።

እሺ፣ ወደ ውሃው እንመለስ።

ባለፈው ዓመት በበጋው ውሃ ጠፋ። በፈረቃ የሚመጣውን ማለቴ አይደለም፣ እሱን ለምደነዋል። ሌሊት ቧንቧ ሲያፏጭ ተነስቶ ባልዲ መደርደር የግቢያችን ባህል ነው። ጭራሽ ጠፋ ነው የምላችሁ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ኮሚቴዎቻችን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄዱ። «ነገ ተመለሱ።» ነገ ሄዱ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» ሦስተኛ ጊዜ ሲሄዱ «ቅሬታችሁ ተመዝግቧል» ተባሉ። እዚያ ማን ላይ ይጮሃል? መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ እሷም የወር ደሞዝተኛ ነች፤ ቤቷ ውሃ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል።

አዋጥተን ቦቴ አስመጣን። የግቢው ሮቶ ሞላ፣ በሁለት ቀን አለቀ። ተከራዮችም አዋጥተው ነበር፤ ይህን ኋላ ማንም አላነሳውም።

እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ኮሚናሉ ውስጥ፣ ማለትም ልቅሶም ሠርግም በምንቀመጥበት የጋራ ቤት። አንድ ጎረቤታችን ተነሳ። ጋሼ ነው የምለው። ደግ ሰው ነው፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። «ውሃውን የሚጨርሰው ተከራይ ነው» አለ። «እኛ ስንት ዓመት ቆጥበን፣ ዕጣ ጠብቀን የገባን ሰዎች ነን። እነሱ ዛሬ መጥተው ነገ ይሄዳሉ። ተከራይ አይቅዳ!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ።

ያኔ የተሰማኝን ልንገራችሁ፣ የዛሬው ወሬ ሁሉ እሱ ስለሆነ። ደስ አለኝ። በቃ፣ ደስ አለኝ። ለሳምንታት ዞር ብሎ ያየን የለም። ድንገት አንድ ሰው ተነስቶ «እናንተ ቅድሚያ አላችሁ» አለን። መፍትሔው ደግሞ ዛሬውኑ የሚጀመር ነው፤ ደብዳቤ የለው፣ ማኅተም የለው። መሥሪያ ቤቱን ማዘዝ አልቻልንም፣ ተከራይን ማዘዝ ቻልን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ምድር ቤት እንጀራ የሚሸጡልን እትዬ ተከራይ ናቸው። አሥር ስገዛ ሁልጊዜ አንድ ይመርቁልኝ ነበር። በማግሥቱ ጄሪካናቸውን ይዘው ሮቶው ጋ መጡ። ጥበቃው «ታዝዣለሁ እትዬ፣ ይቅርታ» አላቸው። ምንም አልመለሱም። ቀና ብለው ፎቁን አዩ። እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ። መጋረጃውን ለቀቅሁት።

ያን ሳምንት ሊጥ አላቦኩም። እኛም ሳምንቱን በዳቦ ገፋነው። ሮቶው ደግሞ ተከራይ ሳይቀዳበት በሁለት ቀን ተኩል አለቀ። ትርፋችን ግማሽ ቀን ነበር ማለት ነው። ኋላ ሲጣራ ከእኛ አንድ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ቦታ፣ ለመንገድ ሲቆፈር ትልቁ መስመር ተቆርጦ ኖሯል። ውሃው ለሳምንታት ቦይ ውስጥ ሲፈስ ነበር። ልጆች ይዋኙበት ነበር አሉ። ወይ ጉድ።

ከዚህ ወዲህ ነው ስለ አውሮፓ የማነበው ነገር ሌላ መልክ የያዘብኝ። ጣሊያን ውስጥ አንድ ጥናት ተሠርቷል። በ2010 ከ5 ሺህ ሰው በታች የሚኖርባቸው ማዘጋጃ ቤቶች አገልግሎታቸውን ከጎረቤቶቻቸው ጋር እንዲያዳብሉ በሕግ ተገደዱ። አጥኚዎቹ ያገኙት፣ በእነዚህ ትንንሽ ቦታዎች ላይ የቀኝ አክራሪዎች ድምፅ ከሌላው ይበልጥ እንደጨመረ ነው። እንግሊዝ ውስጥም የሰፈር መጠጥ ቤት ሲዘጋ የዚያ ሰፈር ሰው ወደ ቀኝ አክራሪው ፓርቲ እንደሚያዘነብል የሚያሳይ ጥናት አለ። መጠጥ ቤት ስላችሁ አትሳቁ፤ የእኛን ሰፈር ጀበና ቡና ሁሉ አንድ ቀን ዘግታችሁ እዩት።

ምሥራቅ ጀርመንም እንዲሁ ነው። ከ1990 ውህደት በኋላ ፋብሪካው በጅምላ ተዘጋ፣ ወጣቱ ወደ ምዕራብ ሄደ፣ በተለይ ሴቶቹ። የአክስቴ ልጅ ያለበት ከተማ ሐኪሙ ጡረታ ወጥቶ ተተኪ አልመጣለትም። አውቶቡሱ በቀን ሁለቴ ነው የሚያልፈው። መስመሩን ያስቆመው ስደተኛ አይደለም። ግን ስደተኛው ይታያል፣ መስመሩን የቆረጠው ሰው አይታይም።

አሁን «ድሃ ስለሆኑ ነው» እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ስዊዘርላንድ ድሃ ናት እንዴ? እዚያ ከ1999 ጀምሮ ትልቁ ፓርቲ ስደተኛ የሚቃወመው የሕዝብ ፓርቲ ነው፤ በ2023 ወደ 28 በመቶ አግኝቷል። የእኛም ስብሰባ ላይ ድምፁን ከፍ ያደረገው የቤት ባለቤቱ ነበር። ምንም የሌለው ሰው ጥግ ይዞ ዝም ብሏል። የሚጮኸው ትንሽ ያለውና እሷን ያጣት የመሰለው ነው። «ቆጥቤያለሁ፣ ከፍያለሁ፣ እኔ ልቅደም» የሚለው ነገር ጀርመንኛም ፈረንሳይኛም ይናገራል።

ሌላው ደግሞ የተለመዱት ፓርቲዎች መመሳሰል ነው። ጀርመን ውስጥ ከ2005 እስከ 2021 ባሉት 16 ዓመታት፣ 12ቱን ሁለቱ ዋና ተፎካካሪዎች አብረው ነው የገዙት። አንዱን የጠላ ሌላውን ይመርጥ አይባል ነገር፣ ሁለቱም አንድ ወንበር ላይ ናቸው። የዚያን ጊዜዋ የጀርመን መሪ ሜርክል ስለ ዩሮ ቀውስ ሲናገሩ «አማራጭ የለውም» ማለት ያበዙ ነበር። እነዚያ ደግሞ ስማቸውን «አማራጭ» ብለው መጡ። ብልጥ ናቸው፣ አልክድም።

ጣሊያንም ያው ናት። ጆርጂያ ሜሎኒ በ2018 ፓርቲዋ 4.4 በመቶ ነበር ያገኘው። በ2022 26 በመቶ አግኝታ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነች። በመሃል ምን ሆነ? ማሪዮ ድራጊ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ የአንድነት መንግሥት ሲያቋቁም ትልልቆቹ ፓርቲዎች ሁሉ ገቡ። እሷ ብቻ ውጭ ቀረች። ሕዝቡ ሲማረር ያልተነካካ ሰው ፈለገ፤ የቀረችው እሷ ነበረች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። የሜሎኒ ፓርቲ ዓርማ ላይ ያለው ባለ ሦስት ቀለም ነበልባል፣ በ1946 የሙሶሎኒ ደጋፊዎች ከመሠረቱት ፓርቲ የመጣ ነው። የካቲት 12 ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር አበባ የምናስቀምጥ ሰዎች ይህን ዝም ብለን አናልፈውም። ከሮም ብዙም በማትርቅ አፊሌ በምትባል ከተማ በ2012 ለግራዚያኒ መታሰቢያ ቆሞለታል። ለግራዚያኒ! አያቴ ስሙ ሲጠራ ትተፋ ነበር። ሆኖም በ2022 ድምፅ የሰጠው ጣሊያናዊ ግራዚያኒን አስቦ ነው የሰጠው ብዬ አላምንም። የመብራት ሒሳቡን አስቦ ነው። የሚያስፈራኝም እሱ ነው፤ ግራዚያኒን ሳያስቡት ሊያልፉት መቻላቸው።

ነውሩ ቀስ እያለ ነው የሚጠፋው። ፈረንሳይን እዩ። በ2002 የቀኝ አክራሪዎቹ መሪ ዣን ማሪ ለፔን ከፕሬዚዳንት ምርጫው ሁለተኛ ዙር ሲደርስ አገሩ በሰልፍ ተጥለቀለቀ፣ 17.8 በመቶ ብቻ አገኘ። ልጁ ማሪን በ2015 አባቷን ከፓርቲው አባረረች፣ በ2018 ስሙን ቀየረች፣ በ2022 41.5 በመቶ አገኘች። ያ ሁሉ ሰልፈኛ የት ሄደ? የትም። ለመደው። እኛም ግቢ ከዚያ እሑድ በፊት «ተከራይ» የኪራይ ውል ላይ ያለ ቃል ነበር። አሁን ደረጃው ላይ ቆሻሻ ከታየ «ተከራይ ነው» ይባላል። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ እንኳ «አንተ ተከራይ» ሲባባሉ ሰምቻለሁ።

መድኃኒቱን የምትጠይቁኝ ካላችሁ፣ ዴንማርክን የሚጠቅሱ አሉ። እዚያ ሶሻል ዴሞክራቶቹ የስደተኛ ፖሊሲያቸውን አጠበቁ፤ ስደተኛ የሚቃወመው የዴንማርክ ሕዝብ ፓርቲ ከ21.1 በመቶ በ2015፣ ወደ 2.6 በመቶ በ2022 ወረደ። ሌላ ቦታ የሞከሩት ግን እንዲህ አልቀናቸውም። ለእኔ ደግሞ ፓርቲው ወድቆ ሐሳቡ ቤተ መንግሥት ከገባ ማን እንዳሸነፈ ግልጽ አይደለም።

ዘረኝነት የለም እያልኩም አይደለም። አለ። የአክስቴ ልጅ ባቡር ውስጥ የሚሰማውን እኔ አልሰማሁም። ግን ሃያ በመቶ ሰው አንድ ማለዳ ተነስቶ ዘረኛ አይሆንም። የእኛ ጋሼም ክፉ አይደለም። እኔም አይደለሁም፣ ይመስለኛል። ግን አጨብጭቤያለሁ።

ይህን ሁሉ ባለፈው ሳምንት ለአክስቴ ልጅ በድምፅ ላክሁለት። አይዞህ ብዬ መተዌ እየከነከነኝ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አልመለሰም። ሰምቶታል፣ ሁለቷ ምልክት ትታያለች። ተቀየመኝ ብዬ አሰብኩ። ቢቀየምም አልፈርድበት።

በሦስተኛው ቀን አንድ አጭር ነገር ላከ። «ባለ እንጀራዋስ አሁንም ይሸጡልሻል?»

ይሸጡልኛል። በር ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ የልጆቼን ጤንነትም ይጠይቁኛል። አሥር ካልኩ ግን አሥር ነው የሚቆጥሩልኝ።