ከሂትሮው እስከ ፍራንክፈርት፦ የ47 ደቂቃው መንገድ ለምን 1 ሰዓት ከ40 ይፈጃል?

[ካርታ፦ ለንደንና ፍራንክፈርት፣ በመካከላቸው አንድ መስመር]

ከለንደን ሂትሮው እስከ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ በአየር 655 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአብራሪዎች መለኪያ 353 ኖቲካል ማይል። እንደ ኤርባስ ኤ320 ያለ አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ወደ 830 ኪሎ ሜትር ይበራል። ብታካፍሉት 47 ደቂቃ ይወጣል። ትኬቱ ላይ የምታገኙት ግን 1 ሰዓት ከ40 አካባቢ ነው። የቀረው ጊዜ የት ገባ?

[ግራፍ፦ የበረራው ከፍታ፣ እንደ ጎጆ ክዳን ወጥቶ የሚወርድ]

ያ 830 የሚገኘው ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው። ከ10,000 ጫማ በታች በአብዛኛው ከ250 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ463 ኪሎ ሜትር፣ አይታለፍም። ለመውረድ ደግሞ አብራሪዎች ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ 3 ኖቲካል ማይል ያስባሉ። 36,000 ጫማ ላይ ያለ አውሮፕላን እንግዲህ 108 ኖቲካል ማይል፣ ወይም 200 ኪሎ ሜትር ሲቀረው መውረድ ይጀምራል። ለመውጣትም ተቀራራቢ ርቀት ይሄዳል። ከ655ቱ ላይ ሁለቱን ቀንሱ፤ በሙሉ ፍጥነት የሚበረው 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቡናው ለኋለኞቹ ሳይዳረስ የፊተኞቹ ኩባያ የሚሰበሰበው ለዚህ ነው።

መንገዱም ቀጥ ያለ አይደለም። አውሮፕላን የሚነሳው ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ነው። ሂትሮው ላይ ነፋሱ የሚያይለው ከምዕራብ ስለሆነ፣ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምዕራብ ተነስቶ ይዞራል።

የትኬቱ ሰዓት ደግሞ የሚቆጠረው ከመነሻው በር እስከ መድረሻው በር ነው። ከበሩ ተገፍቶ መውጣት፣ ወደ መንደርደሪያው መንዳት፣ ተራ መጠበቅ፣ ካረፉ በኋላ በር እስኪደርሱ መጓዝ፦ ሁሉም ውስጡ አለ። አየር መንገዶችም ለመዘግየት መጠባበቂያ ይጨምሩበታል፤ አንዳንድ ቀን ቀድማችሁ የምትደርሱት አብራሪው ስለፈጠነ ላይሆን ይችላል።

ሲመለሱ ሁለት ነገር ይከብዳል። አንደኛው ነፋስ ነው፦ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የምዕራብ ነፋስ 47ቱን ደቂቃ ሲሄዱ ወደ 42 ያወርዳል፣ ሲመለሱ ወደ 54 ያወጣል። ሁለተኛው የሂትሮው መጨናነቅ ነው። ቦቪንግደን፣ ላምቦርን፣ ኦካምና ቢጊን በሚባሉ አራት ቦታዎች አውሮፕላኖች አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው እየዞሩ ተራ ይጠብቃሉ።

[ሁለት ሰዓቶች ጎን ለጎን]

አሁን ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ጀርመን ከብሪታንያ ዓመቱን ሙሉ በ1 ሰዓት ትቀድማለች፤ በመጋቢትና በጥቅምት ሰዓት ሲቀይሩም በአንድ ቅጽበት ነው። 09:00 ከለንደን ተነስታችሁ 1 ሰዓት ከ40 ብትበሩ ፍራንክፈርት 11:40 ይላል። በ13:00 ስትመለሱ ደግሞ ለንደን 13:40 ነው፤ 40 ደቂቃ ብቻ የበረራችሁ ይመስላል።

ስትገዙም «ፍራንክፈርት ሃን» የሚል ካያችሁ ቆም በሉ። ከከተማው ወደ 120 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ሌላ ማረፊያ ነው።

ተቀባይ ካላችሁ «11:40» ብቻ ጽፋችሁ አትላኩ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያነበበው ሰው አመሻሹ ላይ፣ 6 ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። «ረፋድ 5 ሰዓት ከ40፣ በጀርመን ሰዓት» ብላችሁ ጻፉለት።