መጀመሪያ አንቺ ሂጂ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሳይንቲስቷ ማሪ ኩሪ ነው። ስለ ኖቤሉ አይደለም። ፓሪስ ከመግባቷ በፊት ስላሳለፈቻቸው ዓመታት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1867 በፖላንድ ከተማ በዋርሶ ተወለደች። ስሟ ማሪያ ስክዎዶቭስካ ነበር። ያኔ ዋርሶ በሩሲያ ዛር አገዛዝ ሥር ናት። አባቷ የፊዚክስና የሂሳብ መምህር ነበሩ። አገዛዙ በትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ትምህርት ሲከለክል መሣሪያዎቹን ወደ ቤት አመጧቸው። ልጅቷ የመስታወት ቁምሳጥኑ ፊት ትቆማለች። ውስጡ የብርጭቆ ቱቦዎች፣ ትንንሽ ሚዛኖች፣ የወርቅ ቅጠል ያለው ኤሌክትሮስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሙላት መኖሩን የሚያሳይ መሣሪያ) አለ። ከዓመታት በኋላ የዩራኒየምን ጨረር የለካችው የዚያው መሣሪያ ዘመድ በሆነው በኤሌክትሮሜትር ነው። ይቺ ነገር ሁሌ ትነካኛለች።

እናቷ በሳንባ ነቀርሳ ሲያርፉ ገና 10 ዓመቷ ነበር።

የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ሴት አይቀበልም። ቤት ውስጥ ደግሞ ገንዘብ የለም። ስለዚህ ከታላቅ እህቷ ከብሮኒያ ጋር ተስማሙ። ብሮኒያ ቀድማ ፓሪስ ሄዳ ሕክምና ትማራለች፣ ማሪያ እየሠራች ትልክላታለች። ብሮኒያ ስትጨርስ ተራው የማሪያ ይሆናል።

በ1886 ማሪያ ሽቹኪ የሚባል ገጠር ገባች። 18 ዓመቷ ነው። ቀን የባለጸጋ ቤተሰብ ልጆችን ታስተምራለች፣ ሌሊት ፊዚክስና ሂሳብ ታጠናለች። ያም አልበቃት፣ የገበሬ ልጆችን ሰብስባ በፖላንድ ቋንቋ ማንበብ አስተማረች። ይህ የተከለከለ ነበር። የቤቱ የበኩር ልጅ ሊያገባት ፈለገ። ወላጆቹ ለልጃችን አትመጥንም ብለው እንቢ አሉ። እሷ ግን ቤቱን ጥላ አልወጣችም። ለብሮኒያ የምትልከው ገንዘብ ከዚያ ነው የሚመጣው። በየቀኑ እዚያው ማዕድ መቀመጥ ምን ያህል ይከብድ ይሆን?

በ1890 ብሮኒያ «በይ ነይ» ብላ ጻፈች። ያ ሁሉ የተጠበቀ ደብዳቤ መጣ፣ ማሪያ ግን አመነታች። አባቷ አርጅተዋል፣ ልቧም ደክሟል።

እዚህ ጋ ሁሌ እህቴ ትመጣብኛለች። እኔን ያስተማረችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እሷ ሥራ ገባች፣ እኔ ክፍል ተቀመጥኩ። ስመረቅ «እትዬ፣ አሁን ተራው ያንቺ ነው» አልኳት። «አሁንማ ምን ይሠራልኛል» አለችኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት አልነበረብኝም።

ማሪያ አንድ ዓመት ቆየች። በዚያ ዓመት ዋርሶ ውስጥ ማታ ማታና እሑድ እሑድ ቤተ ሙከራ መግባት ቻለች። ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጇ ሙከራ ሠራች። ከዚያ በ1891 ተጣጣፊ ወንበሯን ይዛ በአራተኛ ማዕረግ ባቡር ወደ ፓሪስ ተጓዘች። በ1893 ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ አንደኛ ወጣች።

ትናንት ማታ ለእህቴ የማታ ትምህርት መመዝገቢያ ቅጽ ላክሁላት። «ክፍያው በእኔ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አይታዋለች። እስካሁን አልመለሰችልኝም።