ዋይልድ ዋንን በዝምታ አንሸኘው

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ። ከዘመን ዘመን ያሸጋገረን አምላክ የተመሰገነ ይሁን።

የዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት በእጃችሁ አለ፤ ዋና ጸሐፊያችንና ሒሳብ ያዣችንም ከእኔ ቀጥለው በዝርዝር ያቀርቡታል። ስለዚህ እኔ አልደግመውም። የተሰጠኝን ጊዜ በዚህ መድረክ ተነሥቶ ለማያውቅ አንድ ጉዳይ ላውለው። ጥቅምት 23 ቀን፣ በዚህ በአሜሪካ አቆጣጠር ኖቬምበር 2 ቀን 2025፣ በሜሪላንድ፣ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ያለው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ የተባለው የመዝናኛ ፓርክ ለመጨረሻ ጊዜ በሩን ይዘጋል። 500 ኤከር የሚሆነው መሬት ለሌላ ልማት ለገበያ እንደሚቀርብ ተነግሯል። በዚያ ግቢ ውስጥ ዋይልድ ዋን የሚባል የእንጨት ሮለር ኮስተር፣ ሽቅብ ቁልቁል በሚል ሐዲድ ላይ ሰው የሚያሳፍር የመጫወቻ ባቡር፣ አለ። የምናገረው ስለ እሱ ነው።

ወላጆች ታውቁታላችሁ። ልጆቻችሁ ሲሳፈሩ እናንተ ቦርሳና ውሃ ይዛችሁ ከሥር የጠበቃችሁበት፣ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ከላይ እስከ ታች የሚንቋቋው የእንጨት ርብራብ ነው። ዕድሜውን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ። ዋይልድ ዋን የተሠራው በ1917 ነው፤ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ በጫኑበት ዓመት። ያኔ የነበረው እዚህ ሳይሆን በማሳቹሴትስ፣ ሀል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ፓራጎን ፓርክ ውስጥ ነበር። ስሙም ጃየንት ኮስተር ይባል ነበር። ቁመቱ 98 ጫማ፣ ርዝመቱ 4,000 ጫማ ነው፤ ባቡሩ በሰዓት እስከ 53 ማይል ይሮጣል። ንድፉን ያወጣው ጆን ሚለር ነው፤ የገነባው ደግሞ ፊላደልፊያ ቶቦጋን ካምፓኒ።

ስለ ሚለር ትንሽ ልበል፤ በየዓመቱ ልጆቻችንን አምነን ያሳፈርነው በእሱ ሥራ ላይ ነውና። ባቡሩ ሞተር የለውም። ሰንሰለት እየጎተተ ጫፍ ያደርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የክብደትና የቁልቁለት ሥራ ነው። ሽቅብ ሲወጣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ሰንሰለቱ ድንገት ቢበጠስ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት፣ ከሥሩ ያለ ብረት እያንዳንዱን ጥርስ ሲነክስ የሚሰማ ድምፅ ነው። ጉብታው ላይ ደርሶ ሰውን ከመቀመጫው ብድግ ሲያደርግም ከሐዲዱ የማይወጣው፣ ከላይ ካሉት ጎማዎች ሌላ ከሐዲዱ ሥር ገብተው የሚይዙት ጎማዎች ስላሉት ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለሚሠሩት አብዛኞቹ ሮለር ኮስተሮች መሠረት የሆኑትን እነዚህን ሁለት የደኅንነት ብልሃቶች ያወጣው ሚለር ነው።

ሐዲዱ ራሱ ጣውላ በጣውላ ላይ ተደራርቦ የተሠራ ነው፤ ብረቱ ጎማው የሚነካበት ቦታ ላይ የተለበጠ ስስ ልባስ ብቻ ነው። እንጨት ደግሞ ዝናብ ሲመታው ያብጣል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይኮማተራል፣ ብሎኑን ያላላል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ሥራ ላይ አናጢዎች ጠዋት ጠዋት፣ ሕዝብ ሳይገባ፣ ሐዲዱን በእግራቸው እየተራመዱ ይፈትሹታል። የላላውን ያጠብቃሉ፤ የበሰበሰውን ነቅለው አዲስ ጣውላ ያስገባሉ። «ታዲያ ከ1917ቱ እንጨት ምን ቀርቶ ነው ታሪካዊ የሚባለው?» የሚለኝ ይኖራል። የሣር ክዳኑ ስንት ጊዜ የተለወጠ ደብር አዲስ ነው ብለን እናውቃለን? ቅርሱ ሥራው ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው ሙያ ነው።

ይህ ሮለር ኮስተር ብዙ አይቷል። በ1932 እና በ1963 እሳት ጎድቶት ተጠግኗል። ፓራጎን ፓርክ ከ1984ቱ በጋ በኋላ ተዘግቶ ንብረቱ በጨረታ ሲሸጥ፣ የሜሪላንዱ ፓርክ፣ ያኔ ዋይልድ ወርልድ ይባል የነበረው፣ ገዛው። ተፈታትቶ መጣና በ1986 እዚህ ተተክሎ ሥራ ጀመረ። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር የገባነው በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ነው። ልጆቻችን ስሙን እንጂ የመጣበትን አያውቁም፤ እኛም አልነገርናቸውም።

እናንተ የምታውቁትን ሌላ ቦታ ላንሣ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ግሌን ኤኮ ፓርክ አለ። እዚያም የእንጨት ሮለር ኮስተር ነበረ። ግን ጥቁር አይገባም ነበር። ጁን 30 ቀን 1960 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገብተው የእንጨት ፈረሶች የሚዞሩበት ካሮሴል ላይ ተቀመጡ፤ አምስቱ ታሰሩ። ተማሪዎቹና የአካባቢው ነዋሪዎች በጋውን ሙሉ በሩ ላይ ሰልፍ ቆሙ። በ1961 ፓርኩ ለሁሉም ተከፈተ፤ በ1964 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የታሳሪዎቹን የጥፋተኝነት ፍርድ ሻረ። እዚህ ከተቀመጣችሁት በሃዋርድ የተማራችሁ አላችሁ። ልጆቻችን በማንኛውም የመዝናኛ ፓርክ በር ላይ ማንም ሳይጠይቃቸው የሚገቡት እነዚያ ተማሪዎች ስለ ታሰሩ ነው። ይህን ለልጆቻችን አለመንገር ትልቅ ዕዳ ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የማየው።

ግሌን ኤኮ በ1968 ተዘጋ። ካሮሴሉ ተሽጦ ሊወሰድ ሲል ጎረቤቶች ተሰብስበው በ1970 ወደ 80,000 ዶላር አዋጥተው አስቀሩት፤ ዛሬም በዚያው ቦታ ይዞራል። ሮለር ኮስተሩ ግን ፈረሰ። የሀል ከተማም የፓራጎን ፓርክን ካሮሴል አስቀርታለች፤ ሮለር ኮስተሯ ግን ወደ እኛ መጣ። ካሮሴል በአንድ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ ለሮለር ኮስተር መሬትም፣ አናጢም፣ ኢንሹራንስም ያስፈልጋል። ከባድ ነው። ሆኖም ተሠርቶ ታይቷል። ሳን ዲዬጎ ውስጥ በ1925 የተሠራው ጃየንት ዲፐር በ1976 ተዘግቶ ሊፈርስ ሲል ነዋሪዎች ኮሚቴ አቋቁመው ተከራከሩለት፤ በ1990 እንደገና ሕዝብ ማሳፈር ጀመረ።

«የቤት ኪራይ፣ የሕክምና ወጪ፣ የአገር ቤት ጭንቀት እያለብን ስለ መጫወቻ ታወራለህ ወይ?» ብለው ፊት ለፊት የጠየቁኝ አባት አሉ፤ እዚሁ ተቀምጠዋል። አባቴ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ለእነዚያ ችግሮች የመደብነው ገንዘብ አይነካም። የምጠይቀው ጊዜና ድምፅ ነው። ከተዘጋ በኋላ ብንቆጭ ዋጋ የለውም። ንብረቱ የባለቤቱ ነው፤ ለምን ይሸጣል ብዬ አልከራከርም። መሬቱ ምን ይሁን በሚለው ላይ ግን ካውንቲው የሕዝብ አስተያየት ሲጠይቅ፣ እዚያ የምንኖርና ግብር የምንከፍል ሰዎች የመናገር መብት አለን። እስከ ዛሬ በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ የእኛ ወንበር ባዶ ነው፤ ይህ መለወጥ አለበት።

ስለዚህ የሥራ አመራር ኮሚቴው ሦስት ነገር ያቀርብላችኋል። ፓርኩ ከመዘጋቱ በፊት በአንድ ቅዳሜ ቤተሰብ ከነአያቶቹ አብረን እንሂድ። መሳፈር የማይችል ከሥር ይቁም፤ ግን ይምጣ። ሁለተኛው፣ የወጣቶች ክፍላችን ከየቤቱ ፎቶግራፍና ቃል ይሰብስብ። በበጋ እዚያ ተቀጥረው የመጀመሪያ ደመወዛቸውን የተቀበሉ ልጆች አሉን፤ ከእነሱ ይጀመር። ሦስተኛው፣ በካውንቲው ስብሰባ የሚናገሩ አምስት ሰዎች ዛሬ ይመረጡ። የሚጠይቁትም ሮለር ኮስተሩ በቦታው እንዲቆይ፣ ያ ካልተቻለ ከማሳቹሴትስ እንደመጣው ሁሉ ተፈታትቶ ለሚተክለው እንዲሰጥ ነው። ከመካከላችሁ መሐንዲሶችና አናጢዎች አላችሁ፤ ከአምስቱ ሁለቱ ከእናንተ ቢሆኑ ደስ ይለኛል። የእንጨት ሥራ የሚገባው ሰው ሲናገር ይደመጣል።

የስም መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ምርጫው ከምሳ በኋላ ይካሄዳል። ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን እያበሰርኩ፣ ዋና ጸሐፊያችን ሪፖርታቸውን እንዲያቀርቡ በአክብሮት እጋብዛለሁ። አመሰግናለሁ።