የአክስቴ አድራሻ

እንደምን አመሻችሁ። ክቡራን እንግዶች፣ ውድ የጤና ባለሙያዎች፣ ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁም ጭምር፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ከራሴ ልጀምር። ልጅ እያለሁ ሳል አይለቀኝም ነበር። ቀን ቀን ደህና ነኝ። ማታ ማታ ግን ደረቴ ሲር ሲር ይላል። እማዬ እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ትወስደኛለች። ካርድ ክፍል ላይ «አድራሻ?» ሲሏት የአክስቴን ሰፈር ትናገራለች። እኔ ቀና ብዬ አያታለሁ። እሷ አታየኝም። የአክስቴ ሰፈር ስሙ ጥሩ ነው። የእኛ ሰፈር ስም ሲጠራ ደግሞ ሰው ቦርሳውን ጠበቅ ያደርጋል።

ሐኪሙ ካርዱን ያያል። ደህና ሰፈር የሚኖር ልጅ ነው። ሽሮፕ ያዛል። ሦስት ጊዜ ሄድን፣ ሦስት ጊዜ ሽሮፕ ተሰጠን። የሳሉ ምንጭ የነበረው አድራሻችን ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ እኛው ደብቀነዋል።

የቀረውን ወደ በኋላ እጨርሰዋለሁ። ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት የተጎዳ ሰፈር በሰው ማንነትና ጤና ላይ ስለሚያደርሰው ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለት ጉዳይ ሆነው ተጽፈዋል። ለእኔ ግን ኀፍረቱና ሳሉ አንድ አልጋ ላይ ነው ያደሩት።

አንድ ቁጥር ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመው ጤናን የሚወስኑ ማኅበራዊ ጉዳዮች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ሪፖርቱን ሲያወጣ የስኮትላንዷን ከተማ ግላስጎውን በምሳሌነት አንሥቶ ነበር። ያኔ ካልተን በሚባለው ድሃ ሰፈር የሚወለድ ወንድ ልጅ ይኖራል ተብሎ የሚገመተው 54 ዓመት ነበር። ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ራቅ ብሎ ሌንዚ ለሚወለደው ደግሞ 82 ዓመት። ልዩነቱ 28 ዓመት ነበር። ልብ በሉ፤ ሕክምናው ለሁለቱም ነጻ ነው። አንዱ የልጅ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል። ሌላው የልጁን ሠርግ እንኳ ላያይ ይችላል።

እንዴት? መቼም የሰፈር ስም ደም ሥር ውስጥ አይገባም። ግን ሌሊቱ ይገባል። ሰው ሲደነግጥ ልቡ ይመታል፣ የደም ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ይለቀቃል፣ ስኳር ወደ ደም ይገባል። ለመሮጥ ወይም ለመታገል ጥሩ ዝግጅት ነው። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ሳይመለስ ሲቀርስ? ተመራማሪዎቹ ብሩስ ማክዊንና ኤልዮት ስቴላር እ.ኤ.አ. በ1993 ለዚህ ስም አወጡለት፤ አሎስታቲክ ሎድ አሉት። በየቀኑ በመደንገጥና በመዘጋጀት ብዛት ሰውነት ላይ የሚጠራቀም ድካም ማለት ነው። ልብን፣ የደም ሥርን፣ የማስታወስ ችሎታን ሳይቀር ይበላል።

እኔ ያየሁት እማዬ ላይ ነው። ሌሊት ውጭ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ትነቃለች። ኮቴው አምሽቶ የሚገባው የጎረቤታችን ልጅ እንደሆነ ታውቃለች። ሰውነቷ ግን አያምናትም። ጠዋት «ደህና አደርሽ?» ስትባል «ደህና» ትላለች። ከልቧ ነው፤ እንቅልፍ ማለት ለእሷ ያው ነው።

ወደ ማንነቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የእንዲህ ዓይነት ሰፈር ልጅ ቶሎ የሚማረው አንድ ነገር አለ። «ሰፈርህ የት ነው?» ሲባል በእጁ ወደ ሩቅ እየጠቆመ «እዚያ አካባቢ» ይላል። ለሥራ ሲያመለክት የዘመድ አድራሻ ይጽፋል። ጓደኛው ሊሸኘው ሲል ዋናው መንገድ ላይ «እዚህ ይበቃኛል» ይላል። የቀረውን በእግሩ ይሄዳል። ትንሽ ውሸት ናት፤ ማንንም አትጎዳም። በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚዋሻት ግን ቁጠሩ። ሁልጊዜ ሊነቃበት እንደሚችል እያሰበ ነው የሚዋሸው። ልቡም አብሮ ይመታል።

ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ሎይክ ዋካን የሰፈር መጥፎ ስም እንደ እድፍ ነዋሪው ላይ እንደሚጣበቅ ጽፏል። የባሰው መዘዝ ከውስጥ የሚመጣው ነው። ነዋሪው እድፉን ለማራገፍ ብሎ ከጎረቤቱ ይርቃል። «እኔ እንኳ እንደነሱ አይደለሁም» ይላል። የእኛ ሰፈር ሰው ደግሞ «እዚህ የገባሁት ለጊዜው ነው» ይል ነበር። ሃያ ዓመት የኖረው ሁሉ ለጊዜው ነው። ለጊዜው የሚኖር ሰው ችግኝ አይተክልም፤ የጎረቤቱን ልጅም አይቆጣም።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የማኅበረሰብ ተመራማሪው ሮበርት ሳምፕሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካዋ ከተማ በቺካጎ 343 ሰፈሮች ነዋሪዎችን አነጋግረዋል። ልጆች ከትምህርት ቤት ጠፍተው ጥግ ላይ ቢቆሙ ጎረቤቶቻችሁ ምን ያደርጋሉ? ዓይነት ጥያቄ ነው። ጎረቤት በጎረቤት በሚተማመንበትና «ተው!» በሚባልበት ሰፈር ግፍና ጥቃቱ ያነሰ ነበር፤ ድህነቱ ተመሳሳይ ሆኖ እንኳ። እንግዲህ ኀፍረት የሚበጥሰው ይህንኑ ገመድ ነው።

«ታዲያ ሰዎቹን ከዚያ ማውጣት ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ተሞክሯል። አሜሪካ ውስጥ ከ1994 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. በአምስት ከተሞች 4,600 ያህል ቤተሰቦች ዕጣ ወጣላቸው። ከፊሎቹ ድህነት ወደቀነሰበት ሰፈር የሚያዛውር የቤት ኪራይ ድጋፍ አገኙ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ሲታይ፣ ድጋፉን ካገኙት እናቶች መካከል በከባድ ውፍረትና በስኳር ሕመም የተያዙት ካላገኙት አንሰው ተገኙ። 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩ ልጆችም ሃያዎቹ አጋማሽ ሲደርሱ ገቢያቸው በ31 በመቶ ያህል በለጠ። አደግ ብለው የሄዱት ግን ይህን ጥቅም አላገኙም። እንዲያውም መፈናቀሉ ሳይጎዳቸው አልቀረም። ጓደኛም ሰፈርም ባንዴ ማጣት ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም።

ደግሞስ ሁሉንም የት ይወስዱታል? ፊላደልፊያ ውስጥ ሌላ ነገር ሞከሩ። 541 ባዶ ቦታዎችን መርጠው በዕጣ ከፋፈሉ። አንዳንዶቹን ቆሻሻውን አንሥተው ሣርና ጥቂት ዛፍ ተከሉባቸው፤ አጥርም አበጁላቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ውጤት፣ በተተከለባቸው ቦታዎች አካባቢ ድብርት ይሰማኛል የሚለው ነዋሪ ምንም ካልተነካባቸው ቦታዎች ጋር ሲነጻጸር ከ41 በመቶ በላይ ቀነሰ። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ሣር እኮ ነው! ለእኔ ግን ዋናው ሣሩ ብቻ አይመስለኝም። በየቀኑ በዚያ የሚያልፈው ሰው «እዚህም ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበልን አለ» ሳይል አይቀርም።

አሁን ወደ ሳሌ ልመለስ።

በአራተኛው ጊዜ አንዲት ነርስ አየችን። ካርዱን ወደ ጎን አደረገችና ዝቅ ብላ፣ «ማታ የምትተኛው የት ጋ ነው የኔ ልጅ?» አለችኝ።

«ከግድግዳው ሥር» አልኳት።

«ግድግዳው ምን ይመስላል?»

«ጥቁር ጥቁር ነገር አለው። በጣቴ ሥዕል እሥልበታለሁ።»

እማዬ አንገቷን ደፋች። ያ ጥቁር ነገር ሻጋታ ነው። ጣራው ያፈሳል፣ ግድግዳው ውኃውን ይጠጣል፣ እኔ ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫዬን አስጠግቼ እተነፍሰዋለሁ። ነርሷ አልተቆጣችም። ብዕሯን አንሥታ የአክስቴን አድራሻ ሰረዘችና፣ «በሉ ትክክለኛውን ይንገሩኝ» አለች።

እማዬ ቀስ ብላ የሰፈራችንን ስም ተናገረች። እኔ ቦርሳ ፈለግሁ፤ ነርሷ የምታጠብቀው።

«ከድልድዩ በላይ ነው ወይስ በታች?» አለች፤ እየጻፈች።

«በታች ነው ሲስተር» አለች እማዬ፤ ቀና ብላ።

ያን ማታ አልጋዬን ከግድግዳው አራቀችው። ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ የራቀው አንድ ክንድ ያህል ነው። ሳሉ ቀነሰ። ጨርሶ ግን አልለቀቀኝም፤ ጣራው ያው ነበራ።

አመሰግናለሁ።