እንደ እንጀራ የተደራረበው ውህድ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳር የደወለ የኬሚስትሪ ተማሪ፦ «ዚርኮኒየም ፎስፌትም ፎስፎኔትም አዮን ይለዋወጣሉ። ታዲያ ፎስፌቱ እያለ ፎስፎኔት ለምን አስፈለገ?»

ጥያቄህ ውስጥ አንዲት ስህተት አለች፤ እመለስባታለሁ። አዮን ማለት የኤሌክትሪክ ሙላት ያለው አቶም ወይም የአቶሞች ስብስብ ነው። መጀመሪያ ፎስፌቱን እንይ። ሞሶብ ላይ የተደራረበ እንጀራ አስብ። እያንዳንዱ እንጀራ ዚርኮኒየም የሚባለው ብረትና ፎስፌት (ፎስፈረስና ኦክስጅን ያለበት) የተያያዙበት ስስ ንጣፍ ነው። ከአንዱ ንጣፍ እስከ ቀጣዩ 0.76 ናኖሜትር ገደማ ነው። በመሃሉ ሃይድሮጅን አለ። አሞኒየም ሲመጣ ሃይድሮጅኑ ቦታውን ይለቃል፣ እንግዳው ይገባል። አንዳንድ የኩላሊት እጥበት መሣሪያዎች ከዩሪያ የሚወጣውን አሞኒየም የሚይዙት በዚሁ ነው።

ፎስፎኔት ላይ ግን ፎስፈረሱ የሚለወጠው ሃይድሮጅን በነበረበት በኩል የያዘው ካርቦን ነው። ጣሊያናዊው ጁሊዮ አልበርቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ፌኒል፣ ማለትም የስድስት ካርቦን ቀለበት፣ ያለበትን ሠሩ። በንጣፎቹ መካከል ያለው ርቀት ወደ 1.5 ናኖሜትር ሰፋ። ስህተቷ እዚህ ጋ ናት፦ ንጹሑ ፌኒል ፎስፎኔት የሚለወጥ ሃይድሮጅን የለውም። ቤቱ ሰፋ፣ ተከራይ ግን የለም። ስለዚህ ቀለበቱ ላይ የሚለወጥ ሃይድሮጅን ያለው ሰልፎኒክ አሲድ ይጨመርበታል፣ ወይም ፎስፌት ይደባለቅበታል። የፎስፎኔት ጥቅሙም ይኸው ነው፤ በንጣፎቹ መሃል የምትፈልገውን ትተክላለህ።

ከአዲስ አበባ የላብራቶሪ ባለሙያ፦ «ፌኒል ፎስፎኔቱን ሠራሁት፣ ግን ክሪስታል ሳይሆን ሙጫ የመሰለ ነገር ሆነብኝ።»

ቸኩሎብሻል፣ እህቴ። ዚርኮኒየምና ፎስፎኒክ አሲድ እንደተገናኙ ወዲያው ይጣበቃሉ። ብዙዎች ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይጨምራሉ፤ ፍሎራይዱ ዚርኮኒየሙን ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ክሪስታሉም ጊዜ ያገኛል። ግን ይህ አሲድ ቀልድ አያውቅም። ብርጭቆ ይበላል፣ ቆዳ ሰርስሮ ገብቶ ካልሲየም ይይዛል፣ ሕመሙም ሊዘገይ ይችላል። የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት አጠገብሽ ከሌለ አትንኪው። ኦክሳሊክ አሲድ ሞክሪ፤ እሱም መርዝ ነው፣ ግን ከዚያኛው ይሻላል።

ደግሞ የንጣፎቹን ርቀት በኤክስሬይ የምትለኪበትን የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ከ10 ዲግሪ አትጀምሪ። በመዳብ ጨረር የፎስፌቱ ዋና ጫፍ 11.6 ዲግሪ አካባቢ ይታያል፤ የፌኒሉ ግን 6 ዲግሪ ገደማ ነው። ስንቱ ተማሪ ዋናውን ጫፍ ቆርጦ ጥሎ «አልተሠራም» ብሎ አልቅሷል መሰለሽ!

ከባቱ የደወሉ እናት፦ «የልጆቻችን ጥርስ በውኃው ቡናማ ሆነ። ይሄ ዚርኮኒየም ፎስፌት የምትሉት ነገር ፍሎራይዱን አያወጣልንም?»

እማማ፣ ለዚህ አይሆንም። እሱ የሚለዋወጠው ፖዘቲቭ አዮን ነው፤ ፍሎራይድ ኔጋቲቭ ነው። በር ላይ ቆሞ ይመለሳል። በስምጥ ሸለቆ የሚሞከሩት የአጥንት ከሰልና የአሉሚኒየም ማጣሪያዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ስለሆነ ውኃው ይለካ። አንድ ነገር ደግሞ፦ ማፍላት ፍሎራይድ አያጠፋም። ውኃው ሲተን የቀረው ውስጥ መጠኑ እንዲያውም ይጨምራል። የዝናብ ውኃ ካጠራቀሙ ለልጆቹ መጠጥ እሱን ያስቀድሙ።