መንገድ ሲዘጋ ቀድሞ የሚቀረው መከላከሉ ነው
(በማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር፣ ጅማ)

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ ከጤና ጣቢያና ከሆስፒታል የመጣችሁ ባልደረቦች፤ ባጋ ነጋአን ዱፍተን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከአጋሮና ከሊሙ ማልዳችሁ የተነሳችሁትን በተለይ እናመሰግናለን። ቡናው ተቆልቷል፤ ብዙ አላስጠብቃችሁም።

ዛሬ ጦርነት የኤችአይቪ ህክምናንና መከላከልን ምን እንደሚያደርግ ነው የማወራው። «ጅማ ሰላም ናት፣ ይሄ ምን አመጣው?» የሚል አይጠፋም። ወለጋ ግን ጎረቤታችን ነው። መናኸሪያ ላይ ማን ከየት እንደሚወርድ ደግሞ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጦርነት ሲመጣ ህክምናውም መከላከሉም ይጎዳል፤ እኩል ግን አይጎዱም። ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካርድ አለው፣ ቀጠሮ አለው፣ ሲቀር የሚደውልለት አለ። መድኃኒቱ ካለቀ «የታለ?» ብሎ ይጮኻል። የኮንዶም ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ማን ይጮኻል? ፕሬፕ፣ ማለትም ቫይረሱ እንዳይይዝ አስቀድሞ የሚዋጠውን መድኃኒት፣ የምትወስድ ልጅ ብልቃጡን ከቤተሰብ ደብቃ ነው የያዘችው። ክሊኒኩ ሲዘጋ ዝም ብላ ትቀራለች እንጂ አቤት አትልም።

ትግራይን እናስታውስ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ2013 ዓ.ም. ከጎበኟቸው 106 የጤና ተቋማት በወጉ ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶ ብቻ ናቸው። 70 በመቶ የሚጠጉት ተዘርፈዋል። በዚያው ሰሞን ነው ሴቶች በብዛት የተደፈሩት። ፔፕ፣ ማለትም ለቫይረሱ የተጋለጠ ሰው እንዳይያዝ የሚወስደው መድኃኒት፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይዋጣል። እስቲ አስቡት፤ ስልክ ተቋርጧል፣ መኪና የለም፣ መንገዱ ላይ ኬላ አለ። በእግሯ ሄዳ ጤና ጣቢያው ተሰባብሮ ካገኘችው ሌላ ለመፈለግ ስንት ሰዓት ይቀራታል?

ዩክሬንም ጦርነት ላይ ናት። እዚያ ግን ሰው ሲሸሽ መድኃኒቱ እንዲከተለው ብዙ ተደክሟል። የብዙ ወር መድኃኒት ባንዴ ተሰጠ፣ በፖስታም ተላከ፤ ፖላንድ የገቡትም ህክምናቸውን እዚያው ቀጠሉ። ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ማህበራት ጦርነቱ ሳይነሳ በፊት በየከተማው ነበሩ። ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ማህበር አይመሠረትም። እኛም የስድስት ወር መድኃኒት ባንዴ የሚሰጥበት ቀጠሮ አለን፤ ግን ለህክምና ነው እንጂ ለመከላከሉ አይደለም።

ደግሞ መንገድ የሚዘጋው በጥይት ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ በድንገት ሲቆም፣ ቆይቶ በልዩ ፈቃድ የተለቀቀው በአብዛኛው ህክምናው ነበር። ፕሬፕ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ብቻ ተባለ። ሌላው ይጠብቅ ማለት ነው። ቫይረሱ ይጠብቃል እንዴ?

ስለዚህ የዘንድሮ እቅዳችን ላይ ስትነጋገሩ ሦስት ነገር እንድታነሱ እፈልጋለሁ። ፕሬፕ ለሚወስዱም ተጨማሪ ወር ያህል በእጃቸው ይኑር። የተፈናቀለ ሰው «የዝውውር ወረቀት አምጣ» ተብሎ እንዳይመለስ ከጤና ጣቢያዎቹ ጋር እንስማማ፤ ካርዱን በስልኩ ፎቶ ያነሳ ከሆነ እሱ ይብቃው። ፔፕ በሌሊት የት እንደሚገኝ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽኗም፣ የባጃጅ ሹፌሩም ይወቀው። የቡና ለቀማው ሳይጀመር ይሄ ቢያልቅ ደስ ይለኛል። ያኔ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ኮንዶሙም ቶሎ ያልቃል።

በጀቱን በሚመለከት ሒሳብ ያዧ ትነግራችኋለች፤ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠይቋት። ጉባኤያችን በይፋ ተከፍቷል። አመሰግናለሁ።